ጥጉን ተወው

ፐርዝ፣ አውስትራሊያ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ታናሽ፣ ለእኔም እናት ለሆኑኝ ለእትዬ ሙሉነሽ፤

ፈጣሪ ክረምቱን በሰላም አስጨርሶ ለአዲሱ ዓመት ያድርስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? ስልክ ስደውል «ንብ ገባብኝ» እያሉ ስለሚዘጉብኝ ይኸው እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ዕድሜ ልኩን የቢሮ ጸሐፊ የነበረ እጅ ደብዳቤ አይጠፋውም።

ዜናዬን ልንገርዎ። ቅድስት አርግዛለች። ሦስት ወር አልፏታል፣ ሐኪሞቹ የካቲት አጋማሽ ላይ ትወልዳለች ብለውናል። ስንት ዓመት እንደጠበቅን እርስዎ ያውቃሉ፤ ስንት ቦታ እንደተሳሉልንም አውቃለሁ። ክርስትናውን እኔ በተጠመቅኩበት በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እናደርጋለን፣ ድግሱም በእማዬ ግቢ ይሆናል። ድንኳን አልፈልግም። እንግዳው አበባ መሃል እንዲቀመጥ ነው ምኞቴ።

በጋ ነው አበባ ከየት ይመጣል እንዳይሉኝ። እዚህ ፐርዝ በጋው ድንጋይ ያቃጥላል፣ ዝናብም ለወራት አይታይም። በዚህ አገር የማይሞት የአትክልት ቦታ መንደፍ ነው የእኔ እንጀራ። ንድፉን አብሬ ልኬዋለሁ። ችግኙ ዝናቡ ሳይወጣ ይተከል፤ ሥሩ እርጥበቱን እየተከተለ ወደ ታች ይወርዳል፣ በጋውም ሲመጣ ጠልቆ ያገኘዋል። ውኃ የሚወደው ከበርሜሉ አጠገብ፣ የማይወደው ከአጥሩ ሥር ይሁን። ቀለሙን እንደ ቀሚስ ጥለት ያስቡት፤ አመድማው አሪቲ ከኋላ፣ ላቬንደሩ ወይን ጠጅ ሆኖ መሃል፣ ቀይ የሚያብበው ሬት ከፊት። ለዓይን ብቻም አይደለም፣ እጅም ደስ ይበለው። ሻካራው ከለስላሳው ጎን ይተከል። መሬቱ ባዶውን እንዳይቀር ጠጠር አልብሱት፤ ጠጠር እርጥበት ይይዛል።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው የግንቡ ጥግ የግቢው ዓይን ነው። እዚያ በደንብ ይቆፈርና ቡገንቪሊያ ግንቡን ይውጣበት፣ ከሥሩም መቀመጫ ይሠራ። ልጄን ታቅፈን ፎቶ የምንነሣው እዚያ ነው።

የጎደለዎትን ይጻፉልኝ፣ እልካለሁ።

ልጅዎ ፍሬአብ


አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬአብ፤

ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ጋር ሆኖ ቤትህን ይጠብቅልህ። ደብዳቤህን አንብቤ እልል ስል ጎረቤታችን ኩልሱም ቤቱ የተቃጠለ መስሏት ከሱቋ ሮጣ መጣች። ስነግራት እሷም እልል አለች፣ ከሱቋም ከረሜላ አውጥታ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አደለች። ካዛንቺስ ፈርሶ ሰዉ ከተበተነ ወዲህ በዚህ አካባቢ እልልታ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

ስለ አትክልቱ እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ስቄብሃለሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብዬ። በተለይ የጠጠሩ ነገር! ኩልሱም «ሰው ከማሳው ድንጋይ ይለቅማል እንጂ ድንጋይ ይዘራል?» አለችኝ። ቢሆንም ታዝዣለሁ። ኡራኤል መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት አሪቲውን፣ ላቬንደሩንና ሬቱን ገዛሁ። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ከራሴው ነበረኝ። ሁሉን እንደ ንድፍህ ተክዬ ወገቤን ይዤ ቆሜ ሳየው ለካ ቁም ነገር ተምረሃል አልኩ።

ጥጉን ግን ተወው። ድንጋይ ነው፣ ዶማ አይገባውም። ቡገንቪሊያውን በሩ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ለሚገባም ለሚወጣም ያምራል።

ረዘም ያለ የውኃ ጎማ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ቧንቧችን በፈረቃ ናት፣ በመጣች ቀን መሯሯጥ ነው። ቅድስትን ሳምልኝ። ከባድ እንዳታነሣ፣ ልጅቷንም ብርድ እንዳይነካት ሆዷን ትሸፍን።

አክስትህ ሙሉነሽ


ፐርዝ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደዱ እትዬ፤

ጤናዎን ያብዛልኝ፣ የተከሉትንም ያጽድቅልዎ። ጎማው በሰው እጅ ተልኳል።

ኩልሱም የግቢውን ፎቶ ልካልኛለች። እጅዎ ይባረክ! እዚህ መሥሪያ ቤት አሳይቼ ኮርቻለሁ። ላቬንደሩ አቧራ ቢለብስም ቆሟል፣ ሬቱም ቅጠሉ ወፍሯል። ሁሉም እንደጠበቅኩት ነው፣ ከአንድ ነገር በስተቀር። ጥጉ አረንጓዴ ነው። ዝናቡ ከወጣ ስንት ጊዜው፣ እሱ ግን ገና ክረምት ላይ ነው። ስሙን የማላውቀው ለስላሳ ሣርና ደቃቅ ነጭ አበባ ሞልቶበታል። ድንጋይ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይበቅልም እትዬ። ውኃውን እዚያ እያፈሰሱት ከሆነ ለሬቱና ለአሪቲው ሳይሆን ለአረም እየሰጡት ነው።

ሌላው ነገር፣ ትናንት ሐኪሟ ልጃችን ሴት መሆኗን ነገረችን። ተደሰትን። ቤት ስንገባ ቅድስት የመስከረሙን ደብዳቤዎን አውጥታ እንደገና አነበበችልኝ። ያን ጊዜ እኛ እንኳ ሳናውቅ «ልጅቷን» ብለው ጽፈዋል። እንዴት አወቁ?

ጥጉን ለበዓል እንዲያስቆፍሩልኝ እለምናለሁ።

ልጅዎ ፍሬአብ


ቂርቆስ
ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፍሬአብ፤

የቤተልሔሙ ሕፃን ቤትህን ይባርክ። መልሱን ያዘገየሁት ዓይኔን አሞኝ ስለነበር ነው።

ልጅቷን ያልኩት እንዲያው አፌ ላይ መጥቶልኝ ነው። አሮጊት ሴት ልጅ ትመኛለች፣ ሌላ ነገር አትፈልግበት።

ጥጉን ውኃ አላጠጣሁትም። አንዲት ጣሳ አላፈሰስኩበትም። ከሥሩ የውኃ ቧንቧ ያልፋል፣ ምናልባት እሱ ይሆናል የሚያረጥበው። ስለዚህ አይቆፈርም። እናትህም በሕይወቷ አልተከለችበትም፣ አንተም ታስታውሳለህ። ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር አለ ልጄ፣ ሁሉ ነገር ምክንያቱ አይጠየቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሐኪሞቹ በደንብ አይተዋል? በሆዷ ያለችው አንድ ብቻ ናት?

ጎማው ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ምንም አትላክ። ደግሞ ሳስበው ሕፃን ይዞ ያን ያህል አገር ማቋረጥ ድካም ነው። ክርስትናውን እዚያው ብታደርጉትስ? እኔ ፎቶውን አያለሁ፣ ይበቃኛል።

ጆሮዬ ሰሞኑን የተሻለው ይመስለኛል።

አክስትህ ሙሉነሽ


ፐርዝ
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙሉነሽ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ልጃችን አንድ ናት፣ ሐኪሟ ደጋግማ አይታታለች።

እትዬ፣ አልቀየምዎትም ግን አልገባኝም። መጀመሪያ ድንጋይ ነው አሉ፣ አሁን ቧንቧ ነው አሉ። ያ ቧንቧ በፊት ለፊት በር እንደሚገባ ልጅ ሆኜ ራሴ ቆፍሬ አውቀዋለሁ። በነሐሴ እልል ያሉ ሰው አሁን አትምጡ ይሉኛል። ቤቱን ሊሸጡት ነው? ታመዋል? አንድ ነገር ካለ ይንገሩኝ።

ቲኬት ቆርጠናል፣ ሚያዝያ መጨረሻ እንመጣለን። እርስዎ እንዳይደክሙ ለጥጉ አትክልተኛ እፈልጋለሁ።

ፍሬአብ


ቂርቆስ
ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፍሬአብ፤

በሰላምታ አልጀምርልህም፣ ተናድጃለሁ።

ትናንት የቂርቆስ ንግሥ ነበር። ታቦቱን አስገብቼ ስመለስ ጥጉን ተቆፍሮ አገኘሁት። ጉድጓዱ ጉልበት ይደርሳል። አካፋው እንደተተከለ ነው፣ የሰው ጃኬት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሰውየው ግን የለም። ኩልሱም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቆማለች። «እትዬ ለንግሥ ሲወጡ በር ክፈቺለት» ብለህ እንደደወልክላት ነገረችኝ። እሷን አልተቆጣሁም። ምን ታውቃለች?

አትክልተኛው ገበያው የሚባል ነው አለች። ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ሲቆፍር ቆይቶ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ደግሞም ይሞቃል ብሎ ጠራትና እጇን አስነካት። ይሞቅ ነበር ትላለች። ከዚያ ቀና ብሎ «እዚህ ቤት ሕፃን አለ እንዴ?» አላት። የለም አለችው። እንደገና «የለም?» አላት። አካፋውን ተክሎ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወጣ። ዛሬ ጃኬቱን ሰው ልኮ አስወሰደ እንጂ ራሱ አልመጣም።

ጎንበስ ብዬ ጉድጓዱን አየሁ። የሚታየው የነጠላ ጫፍ ብቻ ነው። ጥለቱን አወቅኩት። ነጠላው የእኔ ነው። ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ መለስኩበት።

እንግዲህ ስማ። ስትወለድ ብቻህን አልነበርክም። መንታ ነበራችሁ፣ አንተና እኅትህ። አንተ ወንድ ነህና በአርባ ቀንህ ክርስትና ተነሣህ። እሷ ሴት ናትና ሰማንያ ቀኗን ትጠብቅ ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላት አንድ ቀን ጠዋት እናትህ አንተን አጥብታ ወደ እሷ ስትዞር ቀዝቅዛ አገኘቻት። አልታመመችም፣ አላሳላትም። ታማ ቢሆን ኖሮ ካህን ይጠራና ቀኗ ሳይደርስም ትጠመቅ ነበር። በደህና አድራ ማን ይጠርጥር? ያልተጠመቀ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይቀበርም። አባትህ ጥጉን ቆፈረ፣ እኔ ነጠላዬን አውልቄ ጠቀለልኳት። ስም አልነበራትም። ክርስትናዋ ሲደርስ እናወጣለን ብለን ነበር።

እናትህ ጡቷ እስኪደርቅ ድረስ አንዱን ላንተ ታጠባለች፣ የሌላውን ወተት እዚያ አፈር ላይ ታልብ ነበር። ማንም ተው አላላትም። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «ጥጉን ማንም እንዳይነካው፣ ፍሬአብም እንዳይሰማ» አለችኝ። እኔም ትዳርም ልጅም ሳይኖረኝ እዚህ ቤት የቀረሁት ጥጉን ትቼ መሄድ ስላልሆነልኝ ነው።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩህን ልጨምር። ጆሮዬ የኩልሱምን ጩኸት አይሰማም፣ የመኪና ጡሩምባ አይሰማም። ሚስትህ ካረገዘች ወዲህ ግን ከጥጉ የሕፃን ልቅሶ እሰማለሁ፣ ጥርት ብሎ። «ልጅቷን» ብዬ የጻፍኩልህም የሴት ልጅ ልቅሶ ስለሆነ ነው። ኩልሱምን አጠገቤ አቁሜ ጠየቅኳት፣ ምንም አልሰማችም። ከትናንት ጀምሮ አላቋረጠም። ፈርቻለሁ ልጄ፣ ለእኔም ላንተም ሳልል ለዚያች በሆድ ላለችው ፈርቻለሁ።

ሙሉነሽ


ፐርዝ
የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤቱ ይሁን። ዝም ያልኩት በቁጣ አይደለም። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ነው የሰነበትኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባላውቅም አስቆፍሬባታለሁ።

አንድ ነገር አስታወስኩ። አምስት ወይ ስድስት ዓመቴ ይሆናል፣ ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳወራ እማዬ ደረሰችብኝ። ሌላ እናት ብትሆን «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ትላለች። እሷ ግን ከፊቴ ተንበርክካ «ምን አለችህ?» ነው ያለችኝ። የመለስኩላትን አላስታውስም። ማልቀሷን ግን አስታውሳለሁ።

ቅድስት የካቲት 3 ቀን ጠዋት ወልዳለች። ከቀኗ ትንሽ ቀድማ ብትመጣም ሙሉ ጤነኛ ናት ብለውናል። ግን አታለቅስም። ስትወለድም አላለቀሰችም፣ እስከ ዛሬም። ሲርባት አፏን ትከፍታለች፣ ፊቷ ይቀላል፣ ድምፅ ግን የለም። ጉሮሮዋን አዩ፣ ሳንባዋን አዩ፣ ምንም አላገኙም። ሌሎቹ ሕፃናት ሲጮኹ የእኔ ብቻ ዝም ብላ ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ ታያለች። ቅድስት ከአልጋዋ መሃል ታስተኛታለች፣ ጠዋት ስንነሣ ግን ጠርዙን ይዛ ነው የምናገኛት። ይህች ራሷን ማዞር የማትችል ጨቅላ ለማን ነው ቦታ የምትለቀው?

ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ይዘናት እንመጣለን። ቂርቆስ ትጠመቅ፣ አባቶችም ጥጉን ይዩልን።

ልጅዎ ፍሬአብ


ቂርቆስ
የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፍሬአብ ልጄ፤

እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ለቅድስት ንገርልኝ። ዛሬውኑ የምጽፍልህ ለመዘግየት ጊዜ ስለሌለን ነው።

ግቢህ ደርሷል። ጠጠሩ ላይ ፀሐይ ቢነድም ሬቱ ቀይ አበባውን አውጥቷል፣ አሪቲው ብር መስሏል፣ ላቬንደሩን ንብ አይለየውም። ውኃ ከጠፋ ሰነበተ፣ አንዱም አልጠወለገም። መንገደኛው ቆሞ ያየዋል። ሙያህን አይቻለሁ፣ እናትህ ብታየው እንዴት ደስ ባላት።

ጥጉ ግን ደርቋል። የካቲት 3 ቀን ጠዋት ስነሣ ነው ደርቆ ያገኘሁት። ማታ ለምለም ነበር። ሣሩን ስነካው በእጄ ላይ ዱቄት ሆነ። አፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ እጄን ባሳርፍበት ቀዝቃዛ ነው። ልቅሶውም ከዚያ ቀን ጀምሮ የለም። ጆሮዬ እንደ ድሮው ደንቁሯል። ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ አዳመጥኩ፣ አንዳችም የለም። የልደቷን ቀን ዛሬ ስትነግረኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

እዚህ የለችም ፍሬአብ። ሄዳለች። ወዴት እንደሄደች ደግሞ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ክፉ ናት አልልህም። የእኛው ልጅ ናት፣ በነጠላዬ የጠቀለልኳት። ግን ስም የላት፣ ማተብ የላት፣ መግቢያ አጥታ እዚህ ኖረች። አሁን የተከፈተ በር አገኘች። አንዲት ጨቅላ ለሁለት አትበቃም ልጄ። የአንተዋን ገፍታ የምታወጣት እንደሆነስ?

ሰማንያውን ቀን አትጠብቁ። ያችኛዋም ቀን ስትጠብቅ ነው ያመለጠችን። የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ለሞት የምታሰጋ ከሆነች ቀን አይቆጠርባትም ብለውኛል። እዚያው ያለውን ካህን ፈልግ። ወደዚህ አታምጣት። ድግሱ ይቅር፣ ቲኬቱም ይቃጠል። አትክልቱን እኔና ኩልሱም እናየዋለን።

ቶሎ በል።

አክስትህ ሙሉነሽ


ፐርዝ
የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደዱ እትዬ ሙሉነሽ፤

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ያሰቡልንን ያስብልዎ። ደብዳቤዎን ለቅድስት አነበብኩላት። ትስቃለች ወይ ትጮሃለች ብዬ ነበር። ልጅቷን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ «እንሂድ» ብቻ አለችኝ።

እዚህ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን የኪራይ አዳራሽ ናት፣ መጋረጃ ተጋርዶ ነው የሚቀደሰው። ካህኑ ዓይናቸውን ሞራ የሸፈነው ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉን። «ሴት አይደለች? ምን አስቸኮላችሁ?» አሉ። ለነፍሷ እፈራለሁ አባ፣ አታለቅስም አልኳቸው። ብዙ አስለመኑን። በመጨረሻ ታቅፈዋት ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አድርገው ቆዩና ትናንት ጠዋት ይዘናት እንድንመጣ ነገሩን።

ውኃው ሲነካት አለቀሰች እትዬ! አዳራሹን አናጋችው። ቅድስት መሬት ላይ ተደፍታ አመሰገነች፣ እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ወለተ ማርያም ብለው ሰየሟት፣ ሜሮን ቀቧት፣ ማተብ አሰሩላት። ለክርስትና እናቷ ሰጧትና እዚያው እቅፏ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሁሉም አለቀ ብለን ፎጣውን ስንሰበስብ አባ ከውኃው አልራቁም። እጃቸውን ወደ እኛ ዘርግተው «ሁለተኛዋስ?» አሉ።

ዲያቆኑ ሳቅ አመለጠው። ቅድስት «አንድ ናት አባ» አለቻቸው። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። ያን ጊዜ ልቅሶ ሰማሁ። ልጄን አየኋት፣ ተኝታለች።

ሄድኩላቸው። ሰው ሕፃን እንደሚያቀብል ባዶ እጄን ዘረጋሁ። ክብደት ነበረው እትዬ። ተቀበሉኝ፣ ሦስት ጊዜም በውኃው ውስጥ ዝቅ አድርገው አነሡ። ልቅሶው ቆመ። ስም ጠየቁኝ፣ የእማዬን የክርስትና ስም ነገርኳቸው። «የክርስትና እናቷስ የት አለች?» አሉኝ።

«አዲስ አበባ ናት አባ፣ ቂርቆስ» አልኳቸው። «ከተወለደች ጀምሮ አልተለየቻትም።»

ልጅዎ ፍሬአብ